ቀለም ቀያሪ ክር ምንድን ነው?

ፀሐይ ሲነካው ቀለሙ የሚለወጥ ክር እንዳይመስላችሁ። ይህ የሹራብ ክር ነው፤ ቀለሙ የሚቀየረው በክሩ ርዝመት ነው። አንዱ ቱባ ውስጥ ሰማያዊው ያልቅና አረንጓዴው ይመጣል፣ ቀጥሎ ቢጫው። መበጠስ የለ፣ መቋጠር የለ። ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ ጥለት ሲሠራ ለየቀለሙ ሌላ ክር ያስገባል። እዚህ ያን ሥራ ፋብሪካው ሲያቀልም ጨርሶታል።

ሁሉም ግን አንድ አይደለም። በየጥቂት ሴንቲሜትሩ የሚቀያየረው ሲሠራ ዥጉርጉር ይሆናል። አንዱን ቀለም ለብዙ ሜትር ይዞ የሚሄደው ራሱ መስመር ያወጣል። ከቱባው ጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ እያለ ከደማቅ ወደ ፈዛዛ የሚሄድም አለ። ለብርድ ልብስ እኔ መስመር የሚያወጣውን እመርጣለሁ። ዥጉርጉሩ በትልቅ ነገር ላይ ዓይን ያደክማል።

አንዲት የሱሉልታ ጎረቤቴ በዚህ ክር ለልጇ የአንገት ልብስ ሠራች። መስመሮቹ ሰፋፊ ሆነው አማሩላት። በዚያው ክር ለአራስ ጥየቃ ብርድ ልብስ ስትጀምር ግን መስመሩ ቀጠነባት። «ነጋዴው ሸወደኝ» ብላ ተናደደች። ሰውየው ምንም አላጠፋም። የመስመሩን ውፍረት የሚወስነው የሥራው ስፋት ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ረድፍ በግምት የስፋቱን ሦስት እጥፍ ክር ይበላል። 20 ሴንቲሜትር የሚሰፋ የአንገት ልብስ በረድፍ 60 ሴንቲሜትር ገደማ ይወስዳል። እያንዳንዱ ቀለም 10 ሜትር ቢሆን 16 ረድፍ ያህል ይሄዳል። 80 ሴንቲሜትር የሚሰፋ የሕፃን ብርድ ልብስ ግን በረድፍ 2.4 ሜትር ይጨርሳል። ያው ቀለም አራት ረድፍ ላይ አለቀ ማለት ነው። ሰፊ መስመር የምትፈልጉ ከሆነ 20 ሴንቲሜትር የሚሰፉ አራት ረጃጅም ቁራጮች ሠርታችሁ ጎን ለጎን ስፏቸው። ወይም ከአንድ ጥግ ጀምራችሁ በየረድፉ የሹራቡን ዓይን (ቀለበቱን) እየጨመራችሁ ሂዱ፣ መሐል ስትደርሱ ቀንሱ። ያኔ ጥጎቹ ላይ መስመሩ ይሰፋል፣ መሐል ላይ ይቀጥናል። እኔ ይሄኛውን እወደዋለሁ፤ መስፋት ስለሚሰለቸኝም ጭምር።

ቱባ ስትቀይሩ አዲሱን ዝም ብላችሁ አትቀጥሉ። የቀድሞው በየትኛው ቀለም እንዳለቀ አይታችሁ፣ ከአዲሱ ላይ እዚያው ቀለም እስኪደርስ ተርትሩ። ቱባው መሐል የፋብሪካ ቋጠሮ የሚያጋጥምበት ጊዜም አለ። ከቋጠሮው ወዲያ ያለው ቀለም ተራውን ሊዘል ይችላል፣ ስለዚህ እያያችሁ ሥሩ። የሚበቃችሁንም ክር በአንዴ ግዙ። ወረቀቱ ላይ ያለው የማቅለሚያ ቁጥር፣ ማለትም አብረው መቀለማቸውን የሚያሳየው፣ በሁሉም ቱባ ላይ ተመሳሳይ ይሁን። ለአንድ ቱባ ተብሎ ከሱሉልታ መርካቶ ድረስ ተመልሶ መውረድ አለ፣ ያውም ያው ቀለም ከተገኘ።

ልስላሴውን በእጅ ብቻ አትመኑ። የሥራ እጅ ሻካራ ነው፤ ክሩን አንገታችሁ ላይ ሞክሩት። እዚያ ከበላችሁ ሕፃኑንም ይበላዋል። ከእንጦጦ ጀርባ የሐምሌ ብርድ ቀልድ አይደለም፣ የበግ ፀጉር ክር ደግሞ ሙቀቱ ግሩም ነው። ግን በሙቅ ውኃ ካሹት ተኮማትሮ ይጠጥራል። የሕፃን ነገር ቶሎ ቶሎ ስለሚታጠብ ሰው ሠራሽ የሆነው የአክሪሊክ ክር ይሻላል ባይ ነኝ። እሱንም ካውያ አታስነኩት፤ ሙቀት ካገኘው ይልፈሰፈስና ቅርጹ አይመለስም።