«ዓይነ ስውር ቪዲዮ ምን ያደርግለታል?» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ቪዲዮ የሚሠራ ሰው «መስማት ወይም ማየት ለተሳናቸውስ አስበሃል?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጣቸው የተለመዱ መልሶች አሉ። ክፋት የለባቸውም፣ ግን ስህተት ናቸው። አንድ በአንድ እንያቸው።

«ዓይነ ስውር ቪዲዮ ምን ያደርግለታል?»

ዜናውንም፣ ትምህርቱንም፣ ድራማውንም እንደማንኛችንም ይከታተላል። ደግሞም የማየት ችግር ያለበት ሁሉ ጨርሶ አያይም ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቢያንስ 2.2 ቢሊዮን ሰዎች የቅርብ ወይም የሩቅ እይታ ችግር አለባቸው። ምንም የማያዩት ከእነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው። ስለዚህ ነጭ ግድግዳ ላይ ነጭ ጽሑፍ ማስቀመጥ ብዙ ሰው ያስቸግራል።

ትልቁ እንቅፋት ግን አነጋገራችን ነው። ስለ ስልክ አጠቃቀም የሚያስተምር ቪዲዮ ክፈቱና ዓይናችሁን ጨፍኑ። «ይቺን ትጫኗታላችሁ፣ ከዛ እዚህ ጋ ትመጡና ይሄን እንዲህ ታደርጉታላችሁ፣ አለቀ!» ምን ገባችሁ? ምንም። አሁን ደግሞ ይህን ስሙ፦ «ከላይ በስተቀኝ ሦስት ነጥቦች አሉ፤ እነሱን ተጫኑ። ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ሁለተኛውን ምረጡ።» የተጨመረው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። እንዲህ ተነግሮ የተቀረጸ ትምህርት ብዙ ጊዜ ሌላ ገለጻ አያስፈልገውም። ስክሪኑ ላይ ስልክ ቁጥር ካወጣችሁም አንብቡት። «ቁጥሩ ከታች ይታያል» ማለት ለማያይ ሰው ምንም አለመንገር ነው።

ፊልምና ድራማ ላይ የድምፅ ገለጻ የግድ ነው። በንግግሮች መካከል ባለው ክፍተት ተራኪው የሚታየውን ባጭሩ ይናገራል። ጥሩ ተራኪ «አዘነች» አይልም፤ «ደብዳቤውን አጣጥፋ ዕንባዋን ጠረገች» ይላል። ማዘኗን አድማጩ ራሱ ይረዳዋል።

«መስማት የተሳናቸው ከንፈር ያነባሉ»

መስታወት ፊት ቆማችሁ «በራ» በሉ፣ ቀጥሎ «መራ» በሉ። ከንፈራችሁ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት ነው የሚገጥመው። «ጠራ»፣ «ተራ» እና «ደራ»ንም ሞክሯቸው። ልዩነቱ አፍ ውስጥና ጉሮሮ ላይ ስለሆነ ከውጭ አይታይም። ጎበዝ አንባቢም ቢሆን ብዙውን የሚሞላው በግምት ነው። ተናጋሪው ፊቱን ካዞረ ወይም ካሜራው ወደ ሌላ ምስል ከሄደ ግምቱም ያበቃል።

«አውቶማቲክ ካፕሽን አለ፣ ይበቃል»

ካፕሽን ማለት ከድምፁ ጋር ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ነው፤ አውቶማቲኩን ኮምፒውተር ራሱ ሰምቶ ይጽፈዋል። ቴክኖሎጂውን አልንቅም። ዩቲዩብ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ሲጀምረው ሥራውን ከገፉት መሐንዲሶች አንዱ ኬን ሃረንስቲን ነበር፤ እሱ ራሱ መስማት የተሳነው ነው። እንደ መነሻ ረቂቅ ጉልበት ይቆጥባል። ግን ስም ያበላሻል፣ ሥርዓተ ነጥብ ይዘላል፣ ቁጥር ያምታታል። ስለ መድኃኒት በሚናገር ቪዲዮ ላይ «አምስት ሚሊ» የሚለው «አምሳ ሚሊ» ሆኖ ቢወጣ አስቡት። የሚሰማው ሰው ስህተቱን ወዲያው ይይዘዋል። የማይሰማው ያለው ያ ጽሑፍ ብቻ ነው። ሳታርሙ አትልቀቁት።

«ካፕሽን ማለት ንግግሩን መጻፍ ነው»

አንዲት ሴት ብቻዋን ተቀምጣለች። ድንገት ደንግጣ ዞር ትላለች። እኛ ከኋላዋ በሩ ሲጢጥ ሲል ሰምተናል። ንግግር ብቻ ከተጻፈ ግን መስማት የተሳነው ተመልካች ለምን እንደደነገጠች አያውቅም። «[በሩ ሲጢጥ አለ]» የምትል አንዲት መስመር ትዕይንቱን ትመልስለታለች። ተናጋሪው በምስሉ ላይ ከሌለም ማን እንደሆነ ይጻፍ። ሙዚቃውም ስሜት የሚፈጥር ከሆነ ይጠቀስ።

«የምልክት ቋንቋ በዓለም ሁሉ አንድ ነው»

አይደለም። አሜሪካና እንግሊዝ የሚናገሩት እንግሊዝኛ ነው፤ የምልክት ቋንቋቸው ግን አይግባባም። የአሜሪካው ይበልጥ የሚቀርበው ለፈረንሳዩ ነው። የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው አለው፤ የፊት ገጽታም የሰዋስዉ አካል ነው። አስተርጓሚውን ጥግ ላይ ቴምብር በሚያክል ሳጥን ውስጥ መክተት እንግዲህ ቋንቋውን ማጥፋት ነው። ፊቱም እጁም በደንብ ይታይ። ካፕሽን ስላለ አስተርጓሚ አያስፈልግም ማለትም አይቻልም። በምልክት ቋንቋ ላደገ ሰው የሚነበበው ጽሑፍ ሁለተኛ ቋንቋው ነው።

«ለጥቂት ሰው ብለን ይሄን ሁሉ?»

ታክሲ ውስጥ ያለ ጆሮ ማዳመጫ የሚያይ፣ ልጅ አስተኝቶ ድምፅ የዘጋ፣ ቋንቋውን ገና እየተማረ ያለ ሁሉ ካፕሽን ያነባል።

«ሲያልቅ እንጨምርበታለን»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀረጻው ካለቀ በኋላ ለገለጻ የሚሆን ክፍተት አይገኝም፣ «ይሄን» እና «እዚህ ጋ»ም አይታረሙም። ስክሪፕቱ ገና ወረቀት ላይ እያለ አንድ ጊዜ በማያይ፣ አንድ ጊዜ በማይሰማ ሰው ቦታ ሆናችሁ አንብቡት። የተቻላችሁ ደግሞ ረቂቁን ለራሳቸው አሳዩና የቱ ጋ እንደጠፋባቸው ጠይቋቸው።