«ታስሮ ነበር» የሚለው የድሮ ዜና፦ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለኝ። ማመልከቻ ለማስጻፍ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። በቀደም አንድ የኮምቦልቻ ልጅ መጣ። ስልኩን ባንኮኒው ላይ አድርጎ ወደኔ ገፋው። መስታወቱ ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ ስር «ተጠርጣሪው በቁጥጥር ስር ዋለ» ይላል፣ ከነሙሉ ስሙ። ዜናው ሰባት ዓመት ሆኖታል። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ አይበቃም ብሎ መዝገቡን ከዘጋው ደግሞ ስድስት ዓመት አልፏል። ልጁ ሽማግሌ ልኮ መልስ ሲጠብቅ፣ የልጅቷ ወንድም ስሙን ጉግል ላይ ጻፈው።

«በቃ፣ ነገሩ ቀረ» አለኝ። አብሽር አልኩት። እሱም፣ እኔም፣ ሰፈሩም ስንላቸው የነበሩትን ስህተቶች ላንሳ።

«ሰው ሳያጠፋ አይታሰርም»

ይታሰራል። ፖሊስ የሚይዘው በጥርጣሬ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው እንኳ ገና በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል። የዚህ ልጅ ጉዳይ ክስ እንኳ አልደረሰም። ዜናው ውሸት አልነበረም፤ መጨረሻው ግን አልተጻፈም። የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው። መያዙ በዚያው ቀን ይወጣል፣ መለቀቁን የሚጽፍ የለም።

«ጉግል ያጥፋው»

ጉግል መንገድ ጠቋሚ ነው። ጽሑፉ ያለው ያወጣው ሚዲያ ድረ ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው አዘጋጁ ነው። ገጹ ተስተካክሎ ጉግል አሁንም አሮጌውን ካሳየ ያኔ ጊዜው ያለፈበትን ውጤት ማሳደሻ ቅጽ አለው፤ በነጻ ይሞላል።

«የመረሳት መብት ስላለ ማጥፋት ግዴታቸው ነው»

ይሄ ወሬ ከአውሮፓ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ለአንድ ስፔናዊ ፈረደለት። በ1998 ጋዜጣ ላይ የወጣ የቤቱ ጨረታ ማስታወቂያ ስሙ ጉግል ላይ ሲፈለግ እንዳይመጣ ተወሰነ። ጋዜጣው ግን አልተነካም። ያ ውሳኔ የአውሮፓ እንጂ የኛ ሕግ አይደለም።

ለኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው የቤልጅየሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በደረሰ የመኪና አደጋ ሰው ሞቶ፣ አሽከርካሪው ተፈርዶበት ነበር። ቅጣቱን ጨርሶ መልካም ስሙ በሕግ ከተመለሰለት በኋላ አንድ ጋዜጣ የድሮ እትሞቹን ኢንተርኔት ላይ ጫነ። ስሙም አብሮ ወጣ። የአገሩ ፍርድ ቤቶች ኢንተርኔት ላይ ባለው ቅጂ ስሙ ወጥቶ «ኤክስ» የምትል ፊደል ትግባ አሉ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤትም በ2023 ውሳኔውን አጸና። ታሪኩ እንዳለ ነው፤ የተነሳው ስም ብቻ ነው። እኔ ደስ ያለኝ እሱ ነው፣ ማኅደርም ሰውም ተረፉ።

እኛም ጋ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። መረጃን ማስተካከልና ማሰረዝ መጠየቅን ይፈቅዳል። ያ ግን ዜና ሁሉ በጥያቄ ይጠፋል ማለት አይደለም።

«ፌስቡክ ላይ ወጥቼ ልናገራቸው»

ተው! ያላየው ሁሉ ያየዋል።

«ዋናው ከጠፋ አለቀ»

አያልቅም። ዌይባክ ማሽን የሚባለው ማኅደር የድሮ ገጾችን ቀድቶ ያስቀምጣል። ቴሌግራም ላይም ስክሪንሾት ይዞራል። ለዚህ ነው «አጥፉልኝ» ከማለት «መጨረሻውን ጻፉልኝ» ማለት የሚሻለው።

ልጁን መጀመሪያ የላክሁት ወረቀት እንዲያመጣ ነው። መዝገቡ መዘጋቱን የሚገልጽ፣ ማህተም ያለበት ደብዳቤ። ከዚያ አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፍን። የዜናውን ሊንክና ቀን፣ የመዝገቡን ውጤት፣ ከዚያ ጥያቄውን፦ ከላይ ማስተካከያ ይግባ፣ ስሙም በመጀመሪያ ፊደል ይተካ። ስድብ የለ፣ ዛቻ የለ። አንዴ መልስ ጠፋ፣ ደግመን ላክን።

በሦስተኛው ሳምንት ከርዕሱ በላይ አንዲት መስመር ገባች፦ «ማስተካከያ፦ መዝገቡ በማስረጃ እጥረት ተዘግቷል።» ስሙም በፊደል ተተክቷል። ሁለት ኮፒ አወጣሁለት። አንዱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። ሌላውን ለሽማግሌዎቹ ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ።