በፍሎፒ ዲስክ የተዛመቱ የኮምፒውተር ቫይረሶች

ኢንተርኔት በየቤቱ ከመግባቱ በፊት ቫይረስ የሚጓዘው በሰው ኪስ ነበር። ሰው ፍሎፒ ዲስክ (የያኔው ተንቀሳቃሽ የፋይል መያዣ) ሲዋዋስ እሱም አብሮ ይሄዳል። ፎቶ ኮፒ ቤት ሰክቶት በመጣው ፍላሽ ውስጥ ፋይሎቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ያገኘ ሰው ነገሩ አይጠፋውም።

ከቀዳሚዎቹ አንዱ ኤልክ ክሎነር ነው። ሪች ስክሬንታ የተባለ የ15 ዓመት አሜሪካዊ ተማሪ በ1982 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለአፕል 2 ጻፈው። ኮምፒውተሩ ከተበከለው ዲስክ ለ50ኛ ጊዜ ሲነሳ ግጥም ያሳያል። በ1986 ደግሞ የፓኪስታኗ ላሆር ወንድማማቾች ባሲትና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ ብሬይን የተባለውን የፒሲ ቫይረስ አወጡ። ስማቸውንና ስልካቸውን ሳይቀር ኮዱ ውስጥ አስቀምጠዋል። ሶፍትዌራችንን ያለፈቃድ የሚቀዱትን ለመያዝ ነው ይላሉ። ይሁን።

ነገሩ ፍንትው ብሎ የሚታየው ግን በአሚጋ ላይ ነው። ኮሞዶር በ1987 ለገበያ ያቀረበው አሚጋ 500 በሥዕልም በድምፅም በዋጋው አቻ ያልነበረው የቤት ማሽን ነው። አብዛኛው ባለቤት ሃርድ ዲስክ የለውም፤ ጨዋታ የሚነሳው 880 ኪሎባይት ከሚይዝ ፍሎፒ ነው። ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነበው ቡት ብሎክ የሚባለውን 1024 ባይት ነው። በዚያው ዓመት የታየው የኤስሲኤ ቫይረስ ያደረው እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ስሙ ጨዋታ ክራክ ያደርግ (የቅጂ መከላከያውን ይሰብር) የነበረ የስዊዘርላንድ ቡድን ስም ነው።

ልጁ አንዱን ጨዋታ ሲጨርስ ኮንትሮልንና ሁለቱን የአሚጋ ቁልፎች አንድ ላይ ይጫናል። ማሽኑ እንደ አዲስ ይነሳል፤ ቫይረሱ ግን ከሚሞሪ ንቅንቅ አይልም። ቀጥሎ የገባው ዲስክ ካልተቆለፈ አለቀለት። መቆለፊያው ጥግ ላይ ያለች ተንሸራታች ፕላስቲክ ናት፤ ቀዳዳዋ ክፍት ከሆነ ዲስኩ ላይ መጻፍ አይቻልም። ሚሞሪውን ለማጽዳት ማሽኑን አጥፍቶ ትንሽ መታገስ ያስፈልጋል። ለመጫወት የቸኮለ ልጅ ደግሞ የት ይታገሣል!

ቫይረሱ አልፎ አልፎ «አሚጋህ ነፍስ ዘርቷል» የሚል መንፈስ ያለው የደስታ መልእክት ያሳያል። ጉዳት የለውም የሚሉ አሉ። ሆኖም ብዙ ጨዋታዎች የራሳቸው ቡት ብሎክ ነበራቸው። ቫይረሱ እሱን ደምስሶ በላዩ ሲጻፍ ጨዋታው ዳግመኛ አይነሳም። ከሱቅ በገንዘቡ ለገዛው ልጅ ይሄ ጉዳት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ተከትሎ የመጣው ባይት ባንዲት የባሰ ነበር። ስክሪኑን ድርግም ያደርገዋል፤ የሚመለሰው አምስት የተወሰኑ ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ነው። ፒሲዎቹ ስቶንድና ማይክል አንጄሎ የሚባሉ የራሳቸው ጣጣ ነበራቸው።

አሚጋዎችን ለማጽዳት ስቲቭ ቲቤት ቫይረስኤክስ የተባለ ነጻ ፕሮግራም ጻፈ። እሱም የተዳረሰው ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ፍሎፒ ነው።