ሐረርና ድሬ ላይ በእርግጠኝነት የሚባሉ፣ ግን እውነት ያልሆኑ ነገሮች

ሐረር ውስጥ በርጫ (ጫት እየተቃመ የሚደረግ ጨዋታ) ላይ የማይነሳ ርዕስ የለም። ሃይማኖቱ፣ ታሪኩ፣ ፀሐይና ጨረቃው፣ አውሬው ሁሉ ይነሳል። ወሬውን እወደዋለሁ። የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ሦስት ሰው ከደገመው በኋላ «እስኪ ይጣራ» የሚል መጥፋቱ ነው። ከሚባሉት ብዙዎቹ ደግሞ እዚሁ ደጃችን ወጥተን በዓይናችን ልናያቸው የምንችላቸው ናቸው። ብዙ ጊዜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው። ከጅብ እጀምራለሁ፤ እኛ አገር ስለ እሱ ያልተባለ ነገር የለምና።

«ጅብ የውሻ ዘር ነው»

መልኩ ያሳስታል እንጂ አይደለም። በዘር ሐረጉ ጅብ ከውሻ ይልቅ ለድመትና ለጥርኝ ይቀርባል።

«ጅብ ወንድም ሴትም ነው፤ ፆታውን ይቀያይራል»

ይሄ በጣም የቆየ ስህተት ነው። የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ከ2,300 ዓመት በፊት ይህን አንስቶ ሐሰት ነው ብሎ ጽፏል። ወሬው ግን እስከ ዛሬ አለ። መነሻ የለውም ማለት አይደለም። የእኛ አገሩ ነጠብጣባም ጅብ ሴቷ የውጭ ብልቷ እጅግ ረዝሞ የወንዱን ይመስላል። የምትሸናውም፣ የምትገናኘውም፣ የምትወልደውም በዚያው ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያ ወሊድ የሚከብዳት፤ ብዙ የበኩር ግልገሎች ሲወለዱ ይሞታሉ። ሴቷ ሴት ናት፣ ወንዱም ወንድ። ፆታ የሚቀያይር ጅብ የለም።

ሌላም የሚያደናግር ነገር አለ። በጅብ መንጋ ውስጥ የበላይዋ ሴቷ ናት። በአካልም ከወንዱ ትገዝፋለች። ግልገሎቿ የእናታቸውን ደረጃ ይወርሳሉ። ከሌላ መንጋ የመጣ ወንድ ግን ከሁሉም ሥር ነው። ማታ ከጁገል፣ ማለትም ከአሮጌው የሐረር ከተማ ግንብ ውጭ ሰው በእንጨት ሥጋ ሲሰጣቸው ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። አንዳንዶቹ እንጨቱ ጫፍ ላይ ያለችውን ሥጋ እያዩ እንኳ አይጠጉም፤ ዳር ቆመው ይጠብቃሉ። አንዷ ግዙፍ ስትመጣ ሌሎቹ ጆሯቸውን ጥለው፣ ጭራቸውን ቆልፈው ገለል ይላሉ። «ወንዱ መጣ» ይላል ተመልካቹ። አብዛኛውን ጊዜ ግን የመጣችው እመቤቲቱ ናት።

«ጅብ ጥንብ ለቃሚ ነው፤ አድኖ አይበላም»

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሃንስ ክሩክ የተባለ ተመራማሪ ታንዛኒያ ውስጥ ሰሬንጌቲና ንጎሮንጎሮ ላይ ሌሊት ሌሊት ጅቦችን ሲከታተል የታየው ሌላ ነው። ጅቦቹ አብዛኛውን ምግባቸውን ራሳቸው ነው የሚያድኑት። እንዲያውም ንጎሮንጎሮ ላይ ጅቦቹ የገደሉትን አንበሶች መጥተው ይቀሟቸው ነበር። ጠዋት የደረሰ ሰው ግን አንበሳው ሲበላ፣ ጅቡ ዳር ሆኖ ሲጠብቅ ነው የሚያየው። ስሙ የጠፋው እንዲህ ነው።

ከተማ አካባቢ ያለ ጅብ ደግሞ ከሰው ኑሮ ጋር አብሮ ይለወጣል። መቀሌ አካባቢ የተሠራ አንድ ጥናት ሁሌም ይገርመኛል። ተመራማሪዎቹ በጅቦች እዳሪ ውስጥ የተገኘውን የእንስሳት ፀጉር ለዩ። በዐቢይ ጾም ሰው ሥጋ ሲያቆም የሚጣለውም ቅሪት ስለሚቀንስ፣ ጅቦቹ አህያ ወደ ማደን ዞረዋል። ፋሲካ ሲያልፍ ወደ ቀድሞው ተመለሱ። የእኛ ጾም የአውሬውንም ማዕድ ይቀይራል ማለት ነው።

«አንካሳ ነው» የሚባለውም ልክ አይደለም። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ስለሚረዝሙ ነው እንዲያ የሚመስለው። ሲሮጥ በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

«ቡዳ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል»

ይህኛው ሰው ይጎዳል፤ ስለዚህ በግልጽ ልናገር። ሰው ጅብ አይሆንም። በዚህ እምነት ለዘመናት የተጎዱት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። ማረሻችንን የሠሩልን፣ ምጣዳችንንና ጀበናችንን ያበጁልን ሰዎች ናቸው። ልጃቸውን አናጋባም፣ አብረናቸው አንበላም ተብሏል። ሌላም ጉዳት አለው። የታመመ ልጅ «ቡዳ በልቶት ነው» ተብሎ ቤት ሲቆይ፣ ወባው ወይም የሳንባ ምች በሽታው ለመባባስ ጊዜ ያገኛል። ትኩሳት ያለበት ልጅ የሚያስፈልገው ጤና ጣቢያ ነው።

«ሐረሮች ጅብ በአፋቸው ማጉረስ የጀመሩት ከጥንት ነው»

ሐረርና ጅብ አብረው የኖሩት በእርግጥ ብዙ ዘመን ነው። በጁገል ግንብ ላይ የጅብ መግቢያ ቀዳዳዎች አሉ። በዓሹራ ዕለት ለጅብ ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ የማቅረቡ ልማድም የቆየ ነው፤ አበላሉ ታይቶ ስለ መጪው ዓመት ይነገራል። በየማታው ጎብኚ ፊት ሥጋ ማብላቱ ግን የ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ ሥራ ነው። ሁለቱን መለየት ጥሩ ነው፤ አንዱ የእምነት ልማድ፣ ሌላው መተዳደሪያ ነው። ሁለቱም ክብር ይገባቸዋል።

«የጁገልን ግንብ የሠራው ግራኝ አሕመድ ነው»

ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ወይና ደጋ ላይ የተገደሉት በ1543 እ.ኤ.አ. ነው። ግንቡን በማሠራት የሚታወቁት ከእሳቸው በኋላ የነገሡት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው። አሚር ኑር የኢማሙን ባለቤት የነበረችውን ባቲ ድል ወምበራን አግብተዋል። ሰው ሁለቱን የሚያምታታው ለዚህ ይሆናል።

«ራምቦ ግጥሞቹን የጻፈው እዚህ ቤት ውስጥ ነው»

ጁገል ውስጥ ባለ ቀለም መስታወት መስኮቶች ያሉት፣ የሚያምር የእንጨት ፎቅ አለ። የፈረንሳዊው ገጣሚ የአርተር ራምቦ ቤት ነው ይባላል። ሁለት ስህተት እዚህ ተደርቧል።

አንደኛ፣ ቤቱን የሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ የተሠራውም ራምቦ ከሞተ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ራምቦ በታኅሣሥ 1880 እ.ኤ.አ. ሐረር ሲገባ የ26 ዓመት ሰው ነበር፤ ግጥም ግን ከዚያ በፊት ዓመታት አስቀድሞ ትቶታል። እዚህ የመጣው የአንድ የንግድ ድርጅት ሠራተኛ ሆኖ ነው። ቡናና ቆዳ ይገዛ ነበር። ከሐረር የጻፈው ለእናቱና ለእህቱ ደብዳቤ ነው፤ ስለ ኦጋዴንም አንድ ዘገባ አዘጋጅቶ ፓሪስ ውስጥ ታትሞለታል። በ1883 እ.ኤ.አ. ካሜራ አስመጥቶ ፎቶ አንስቷል። በኋላም ለምኒልክ ጠመንጃ ሸጧል። ባሪያ ይነግድ ነበር ለሚለው ወሬ ግን ማስረጃ አልተገኘለትም። ጉልበቱን ታሞ በ1891 ሐረርን ለቀቀ፤ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር በ37 ዓመቱ ሞተ።

ቤቱን ግን ሄዳችሁ እዩት። ውስጡ ያሉት የድሮ ሐረር ፎቶዎች ብቻቸውን በቂ ምክንያት ናቸው።

እግረ መንገዴን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተወለዱት ሐረር ከተማ ውስጥ አይደለም። ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ከከተማዋ ወጣ ባለችው ኤጀርሳ ጎሮ ነው የተወለዱት። ድሬዳዋም ባቡር የመጣላት ከተማ አይደለችም፤ ባቡር የፈጠራት ናት። ሐዲዱ ወደ ሐረር እንዲወጣ ነበር የታሰበው። ተራራው ወጪ ስለሚያበዛ በ1902 እ.ኤ.አ. ሥሩ ላይ ጣቢያ ተሠራ፤ ቦታውም በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ።

«ተራራ ለፀሐይ ስለሚቀርብ መሞቅ ነበረበት»

ከሐረር በሚኒባስ ተነስቶ ደንገጎን የወረደ ሰው ይህን በሰውነቱ ያውቀዋል። ሐረር ጃኬት ለብሰህ ትነሳለህ፤ ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ታወልቃለህ፤ ድሬ ስትደርስ ሸሚዙም ይከብድሃል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ 700 ሜትር የከፍታ ልዩነት አለ። ከፀሐይ ርቀት አንጻር ይህ ከቁጥር አይገባም። አየር በዋናነት የሚሞቀው ከሥር፣ ከመሬት ነው። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ጫናው ይቀንሳል፣ ይሰፋል፣ ይቀዘቅዛል። በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይወርዳል።

የፀሐይ ቅርበት ሙቀትን የማይወስን መሆኑን ሌላም ነገር ያሳያል። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ገና ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ርቀቱ ያኔ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐረር ማታ ማታ ጋቢ የምታስፈልግበት ወቅት መሆኑን ልብ በሉ። በሰኔ መጨረሻ ግን 152 ሚሊዮን ይደርሳል።

«ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ሁልጊዜ አናት ላይ ናት»

በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ። ሐረርና ድሬዳዋ ላይ ይህ የሚሆነው በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ 22 አካባቢ ነው። ሰዓቱም ከስድስት ሰዓት 12 ደቂቃ ያህል አለፍ ብሎ ነው። ቀጥ ያለ እንጨት ግቢ ውስጥ ተክላችሁ ጠብቁ። ጥላው እንጨቱ ሥር ገብቶ ይጠፋል። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ፀሐይ በስተ ሰሜን ስለምትሆን የቀትር ጥላችሁ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በቀሩት ወራት ወደ ሰሜን ነው። ለልጆች ሳይንስ ለማስተማር ከዚህ የሚቀል ነገር አላውቅም፤ የሚጠይቀው አንድ እንጨት ብቻ ነው።

«መካ በስተ ምሥራቅ ናት»

«ዐረብ አገር ምሥራቅ ነው» ከሚለው አነጋገር የመጣ ይመስለኛል። ሙስሊም ያልሆኑ ጓደኞቼ ብዙዎቹ እንዲህ ነው የሚያስቡት። ካርታ ላይ ብታዩ መካ ከሐረር ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ፣ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። ሐረር ውስጥ የሚሰገደውም ወደዚያው ነው።

ይህንንም ያው እንጨት ያረጋግጣል። ግንቦት 19 ወይም 20 ቀን፣ ከስድስት ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ ፀሐይ በትክክል ከካዕባ በላይ ናት። ሐምሌ 8 ወይም 9 ደግሞ ከስድስት ሰዓት ከ27 ላይ። የመካ ሰዓትና የእኛ ሰዓት አንድ ስለሆነ ማስላት አያስፈልግም። በዚያች ደቂቃ ወደ ፀሐይ የዞረ ሰው ወደ ቂብላ ዞሯል፤ የእንጨቱ ጥላ የሚወድቀው በተቃራኒው ነው። ዓይናችሁን እንዳትጎዱ ጥላውን እዩ እንጂ ፀሐይዋን አትመልከቱ። ዘዴውን ናሲር አል ዲን አል ጡሲ የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎታል። ሃይማኖትና ሥነ ፈለክ ሲተጋገዙ የኖሩ መሆናቸውን ሳስብ ደስ ይለኛል።

«ሰው ከዝንጀሮ መጣ ይላሉ፤ ታዲያ ዝንጀሮው ለምን ሰው አይሆንም?»

ሳይንሱ እንዲህ አይልም። ኤረር ጎታ ገደል ላይ የሚያድሩት ዝንጀሮዎች አያቶቻችን አይደሉም። የሚባለው ጥንት የጋራ ቅድመ አያት ነበረን፣ ከዚያ መንገዳችን ተለያየ ነው። የአጎት ልጅህ ተለውጦ አንተን አይሆንም፤ እሱም የራሱ መንገድ አለው።

«ሃይማኖተኛ ይህን አያጠናም» የሚሉም አሉ። ድሬዳዋ አጠገብ፣ ከደቻቱ ወንዝ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። በ1929 እ.ኤ.አ. ለጥናት ያገኘው ቴያር ደ ሻርዳን ከጓደኛው ከሄንሪ ደ ሞንፍሬድ ጋር ሆኖ ነው። ቴያር የካቶሊክ ካህን ነበር፤ የጥንት ሰው አጥንት ተመራማሪም ነበር። ስለ ዝግመተ ለውጥ የጻፋቸውን የፍልስፍና ሥራዎች እንዳያሳትም ቤተ ክርስቲያኑ ከልክላዋለች። እሱ ግን ክህነቱንም ሳይንሱንም እስከ ዕለተ ሞቱ አልተወም። ከዋሻው ከ4,000 በላይ የቀይ አፈር ድንጋይ ቁርጥራጮች ወጥተዋል፤ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። ዕድሜያቸው ወደ 40,000 ዓመት ይጠጋል። አንዳንዶቹ ተፈጭተው ቀለም እንደወጣባቸው ያስታውቃሉ። ያኔም እዚህ ድሬ ላይ ቀለም የሚያሰናዳ ሰው ነበር።

«ሰማዩ ጥርት ካለ ደቻቱ አይሞላም»

የመጨረሻው ይህ ነው፤ ሕይወት ያስከፍላል። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሸጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ መኪና ያቋርጠዋል። ውሃው የሚመጣው ግን ከድሬ ሰማይ አይደለም፤ ከላይ ከደጋው ነው። ዳገቱ ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል ራቁት ኮረብታው ስለማይመጠው ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ታች ይወርዳል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ጎርፉ የመጣው ሰው ተኝቶ ሳለ ነው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤታቸውን አጡ።

ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ከራሳችሁ በላይ ያለውን ሰማይ ሳይሆን በደንገጎ በኩል ያለውን እዩ። ተራራው ላይ ጠቁሮ ከሆነ ወይም መብረቅ ካያችሁ፣ ፀሐይ እየመታችሁም ቢሆን ከአሸዋው ውጡ። ዕቃ ለመሰብሰብ አትመለሱ። መኪና ውስጥ ካላችሁ ሳትሻገሩ ውሃው እስኪጎድል ዳር ሆናችሁ ጠብቁ፤ ጉልበት የማይደርስ ውሃ መኪና ይወስዳል። ወንዙ ውስጥ የሚተኛ ሰው ካያችሁ ደግሞ ቀስቅሱት።