ፓርኪንሰን እጅ ብቻ አይደለም የሚያንቀጠቅጠው፣ ሃሳብም ያዘገያል

ፓርኪንሰን ሲባል ሰው ቶሎ የሚመጣለት የሚንቀጠቀጥ እጅ ነው፣ በ1817 ስለበሽታው የፃፈው እንግሊዛዊው ሀኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ራሱ አእምሮን አይነካም ብሎ ነበር፣ እዚህ ጋ ግን ተሳስቷል። እርምጃ እንደሚዘገየው ሁሉ ሃሳብም ይዘገያል። አባትህን "ማነው የደወለው?" ትላቸዋለህ ዝም ይላሉ፣ አልሰሙኝም ብለህ ትደግመዋለህ ወይ ደሞ ራስህ ትመልስላቸዋለህ፣ እሳቸው ግን መልሱን እየፈለጉ ነበር፣ ትንሽ ብትታገስ ይመጣላቸው ነበር።

ብዙ ሰው ከአልዛይመር ጋር ያምታታዋል። አልዛይመር ላይ አዲስ ነገር ከመጀመሪያውም አይያዝም፣ ፓርኪንሰን ላይ ግን (በተለይ በመጀመሪያዎቹ አመታት) ነገሩ ጭንቅላት ውስጥ አለ፣ ማውጣቱ ነው የሚቸግረው፣ ስለዚ የጠፋባቸውን ስም የመጀመሪያ ፊደል ስትነግራቸው ቶሎ ትዝ ይላቸዋል። ከማስታወስ ይልቅ ቀድሞ የሚጎዳው ማቀድ፣ ትኩረትና ሁለት ነገር ባንዴ መስራት ነው፤ እያወሩ መራመድ ራሱ ይከብዳል። ሀኪም ወረቀት ሰጥቶ ሰዓት ሳሉ ሲላቸው ቁጥሮቹ አንድ ጎን ላይ ሊታጨቁ ይችላሉ።

ምክንያቱ ዶፓሚን የሚባለው እንቅስቃሴን የሚያግዝ የአንጎል ኬሚካል ማነሱ ብቻ አይደለም፣ ለትኩረት የሚያስፈልገው ሌላው ኬሚካል አሴቲልኮሊንም ይቀንሳል፣ አልፋ ሲኑክሊን የሚባል ፕሮቲንም በአንጎል ሴሎች ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። አመታት ሲቆጠሩ ብዙዎቹ ወደ ዲሜንሺያ (ማሰብና ማስታወስ ተዳክሞ የለት ተለት ኑሮን ሲያውክ) ይደርሳሉ፤ ሲድኒ ላይ በተደረገ ክትትል ከ20 አመት በኋላ በህይወት ካሉት 83 ፐርሰንቱ ዲሜንሺያ ነበረባቸው፣ በርግጥ እስከዛ የቆዩት ጥቂት ሰዎች ናቸው።

አንዳንዶች የሌለ ሰው ወይ ትንንሽ እንስሳ ጥግ ላይ ያያሉ፣ እውነት እንዳልሆነ እያወቁም ጭምር። ቤተሰብ ይሄን ሲሰማ ይደነግጥና ማስታገሻ ይፈልጋል፣ እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉት ግን ዶፓሚንን ስለሚዘጉ እንቅስቃሴውን ክፉኛ ያባብሱታል። መንቀጥቀጥ ለመቀነስ የሚሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲልም አሴቲልኮሊንን ስለሚከለክል በተለይ አዛውንት ላይ ማስታወስን ይጎዳል፣ እኔ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይሄ ይመስለኛል። ሪቫስቲግሚን በተቃራኒው አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳይፈርስ አድርጎ አንዳንዶችን ትንሽ ያግዛል፣ አያድንም ግን።

አንድ ነገር፣ ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ድንገት ግራ ከገባቸው "በሽታው ገፍቶ ነው" ብሎ መተው አይገባም፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የውሃ ማነስ ወይ አዲስ የተጀመረ ኪኒን ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መታየት አለባቸው፣ የፓርኪንሰኑን መድሃኒት ደሞ በራስ ውሳኔ ባንዴ ማቋረጥ አደገኛ ነው።