ጄት የማይሠራው «የጄት ላብራቶሪ»

ማርስ ላይ ስለሚሽከረከሩት ሮቦቶች በተወራ ቁጥር ጄፒኤል የሚል ስም ይነሣል። ሲዘረዘር «ጄት ፕሮፐልሽን ላብራቶሪ» ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ፓሳዴና አጠገብ ያለ የምርምር ተቋም። ስለ እሱ ብዙ ይወራል፤ ልክ ያልሆነውም ብዙ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ናሳ ነው የመሠረተው» ይባላል። ኧረ እንዲያውም ናሳን በ22 ዓመት ይበልጠዋል! በ1936 መገባደጃ ላይ ፍራንክ ማሊና የሚባል የካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪና ጓደኞቹ አንድ ደረቅ ወንዝ ወርደው ትንሽ የሮኬት ሞተር ፈተሹ። የኦክስጅኑ የጎማ ቱቦ እሳት ያዘና መሬት ላይ እንደ እባብ ይገረፍ ጀመር፤ እነሱም እግሬ አውጪኝ አሉ። የግቢው ሰው «ራስን የማጥፋት ጓድ» የሚል ቅጽል ስም ያወጣላቸው ወዶ አይደለም። የሠሯት የአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኤክስፕሎረር 1 ጥር 1958 ስትመጥቅም ናሳ ገና አልተቋቋመም። ወደ ናሳ የተዛወሩት በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ነው። ዛሬም ቢሆን ሠራተኞቹን የሚቀጥረው ካልቴክ ነው።

«ጄት» የሚለውስ? ያኔ «ሮኬት» ሲባል የልብ ወለድ ቅዠት ይመስል ነበር። መሳቂያ ላለመሆን የተመረጠ ስም ነው።

«ሮቦቶቹን እንደ ፕሌይስቴሽን በጆይስቲክ ነው የሚነዷቸው» የሚልም አለ። ከምድር የተላከ ምልክት ማርስ ለመድረስ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል። ድንጋይ አይተህ ፍሬን ብትል አለቀልህ። ስለዚህ የቀኑን ሥራ አንድ ላይ ይልኩላታል፤ ድንጋዩን ሮቦቷ ራሷ በካሜራዋ አይታ ትሸሻለች።

ፌስቡክን ያስለቀሰው ደግሞ የማርስ ሮቦቷ የኦፖርቹኒቲ ኑዛዜ ነው፦ «ባትሪዬ እያለቀ ነው፣ እየጨለመም ነው።» እንዲህ አላለችም። ሰኔ 2018 የአቧራ ማዕበል ሲሸፍናት የላከችው ቁጥር ብቻ ነው፤ የቀራትን ኃይልና ሰማዩ ምን ያህል እንደጠቆረ የሚናገር። በሰው ቋንቋ የፈታው አንድ ጋዜጠኛ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ለ90 የማርስ ቀናት የተላከች ሮቦት 15 ዓመት ገደማ ሠርታ፣ ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደች። ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ በሉት።

«እነሱ እኮ አይሳሳቱም» ለሚለው፣ በ1999 አንድ የማርስ መንኮራኩር ጠፍታባቸዋለች። መንኮራኩሯን የሠራላቸው ኩባንያ የግፊት ኃይሉን ስሌት በፓውንድ ልኮ እነሱ በሌላ መለኪያ፣ በኒውተን አነበቡት። ከዚያ በፊትም ወደ ጨረቃ የላኳቸው የሬንጀር መንኮራኩሮች 6 ጊዜ ተከታትለው ከሽፈዋል። በ1964 ሰባተኛዋ ከ4,300 በላይ ፎቶ ላከች።

በመጨረሻ «ሳይንቲስት በገድ አያምንም» የሚለው ይቅር። ሰባተኛዋ ሬንጀር ስትመጥቅ አንዱ መሐንዲስ ጭንቀት ማስረሻ ብሎ ኦቾሎኒ አደለ። ተሳካ። ከዚያ ወዲህ በየማምጠቁና በየማረፉ ኦቾሎኒ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ በ2021 ሮቦቷ ፐርሴቨረንስ ማርስ ላይ ስታርፍም ነበር።