ሜታ በባሪ፦ የቡድሂስት የጽሞና ቆይታና ለራስ መራራት

በቡድሂስት ትውፊት የጽሞና ቆይታ ማለት ሰው ከሥራው፣ ከቤተሰቡና ከዕለት ተዕለት ወሬው ተለይቶ፣ ለጥቂት ቀናት ወይም ለወራት በአንድ ስፍራ በዝምታ እየኖረ ተመስጦን ብቻ ሥራዬ ብሎ የሚይዝበት ጊዜ ነው። ሥርዓቱ ጥንታዊ ነው። ቡድሃ መነኮሳቱ በሕንድ የዝናብ ወራት ከቦታ ቦታ መዞራቸውን ትተው ለሦስት ወር በአንድ ስፍራ እንዲሰነብቱ መደንገጉን የገዳም ደንቦቹ ይናገራሉ፤ ቫሳ የሚባለው ይህ የክረምት ቆይታ በታይላንድ፣ በምያንማርና በስሪላንካ ዛሬም ይጠበቃል። የአማርኛ አንባቢ ነገሩን ከሱባኤ ጋር ማነጻጸሩ አይቀርም፤ ከዓለም ገለል ማለቱ፣ ምግብ መቀነሱና አንደበትን መሰብሰቡ በእርግጥ ያመሳስላቸዋል። ይሁን እንጂ ሱባኤ የያዘ ሰው ልመናውን ለፈጣሪ ሲያቀርብ፣ በቡድሂስቱ ጽሞና ያለው ሰው ግን የገዛ አእምሮውን እያየ አእምሮውን ይገራል።

ከዚህ ሰፊ ልማድ ውስጥ እዚህ የሚዳሰሰው ሜታ (ታ ጠብቃ ትነበባለች) የተባለው ዘርፍና ዘርፉ ወደ ምዕራቡ ዓለም የተሻገረበት ዋና በር የሆነው በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ባሪ በተባለች አነስተኛ ከተማ የሚገኘው ማዕከል ነው። ሜታ ጥንታውያኑ የቡድሂስት መጻሕፍት የተጻፉበት የፓሊ ቋንቋ ቃል ሲሆን “ሚታ” ከሚለው፣ ማለትም “ወዳጅ” ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ ስለዚህ “ፍቅር” ከማለት ይልቅ “ወዳጅነት” ብንለው ወደ ምንጩ እንቀርባለን። ከርኅራኄ፣ በሰው ደስታ ከመደሰትና ከአእምሮ ሚዛን ጋር ተደምሮ አራቱ ላቅ ያሉ የልብ ማደሪያዎች ከሚባሉት የመጀመሪያው ነው። በአማርኛ “ለራስ ማዘን” ስንል ብዙ ጊዜ የምንሰማው በራስ ዕጣ ማልቀስን ነው። እዚህ የተፈለገው ግን ያ አይደለም፤ ሰው ሲሳሳት ወይም ሲጎዳ፣ ለወዳጁ የማይነፍገውን ቅንነት ለራሱም አለመንፈጉ ነው። “ለራስ መራራት” የሚለው አነጋገር የተመረጠውም ለዚህ ነው።

ጥንታውያኑ ጽሑፎች ነገሩን በአንድ አጭር ታሪክ ያስረዱታል። የኮሳላ ንጉሥ ፓሴናዲ ንግሥት ማሊካን “ከራስሽ አብልጠሽ የምትወጂው አለ?” ብሎ ይጠይቃታል። ንጉሡ “አንተን” የሚል መልስ ጠብቆ ይሆናል፤ እርሷ ግን የለም ብላ መልሳ ጥያቄውን ወደ እርሱ ታዞረዋለች፤ እርሱም ያንኑ ያምናል። ነገሩ ቡድሃ ዘንድ ሲደርስ ቡድሃ አልወቀሳቸውም። በሐሳብ የዓለምን ማዕዘናት ሁሉ ቢያዳርሱ ከራስ ይልቅ የሚወደድ እንደማይገኝ፣ ሌላውም ሰው ራሱን እንዲሁ እንደሚወድ፣ ስለዚህ ራሱን የሚወድ ሰው ሌላውን መጉዳት እንደማይገባው ነገራቸው። በ5ኛው ክፍለ ዘመን በስሪላንካ የተመስጦን መንገድ በዝርዝር የጻፈው ሊቅ ቡድሃጎሳ ይህንኑ ቃል ጠቅሶ የሜታ ልምምድ ከራስ እንዲጀምር አድርጓል። ከራስ ወደ መምህርና ባለውለታ፣ ከዚያ ወደ ቅርብ ወዳጅ፣ ከዚያ ወደማንወደውም ወደማንጠላውም ሰው፣ በመጨረሻም ወደ ጠላት ይሄዳል። ራስ ቀድሞ የመጣው እንደ ምስክር ነው፦ እኔ ደስታን እንደምሻ፣ ሕመምን እንደምፈራ፣ ያኛውም እንዲሁ ነው።

ልምምዱ የሚከናወነው ጥቂት አጫጭር ሐረጎችን በልብ ደጋግሞ በማለት ነው። ቃላቱ ከመምህር መምህር ቢለያዩም ይዘታቸው ወደ አማርኛ ሲመጣ “ክፉ አይንካኝ፤ ደስ ይበለኝ፤ ጤና ልሁን፤ ኑሮዬ ይቅለለኝ” ዓይነት ነው። ይህ ለእኛ ጆሮ ምርቃት ነው። ልዩነቱ በእኛ ልማድ ምርቃት ከወላጅ ወይም ከሽማግሌ አፍ መውጣቱና ተመራቂው “አሜን” ብሎ መቀበሉ ነው፤ ራሱን የሚመርቅ ሰው አልተለመደም። ብዙ የጽሞና ተሳታፊዎችም በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰናከሉት በዚሁ ነው፤ ለእናታቸው ወይም ለልጃቸው ሲሆን የሚፈሰው ቃል ለራሳቸው ሲሆን ይደርቃል።

ወደ ባሪ የመጣው መንገድ በበርማ፣ ማለትም በዛሬዋ ምያንማር፣ በኩል ያለፈ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በዚያ አገር እንደ ማሃሲ ሳያዶ ያሉ መነኮሳት፣ እንዲሁም የመንግሥት ዋና ሒሳብ ሹም የነበሩት ምእመን ኡ ባ ኪን፣ ለመነኮሳት ብቻ የተተወ ይመስል የነበረውን ጥልቅ ተመስጦ ነጋዴውም የቤት እመቤቷም ለጥቂት ሳምንታት ገብተው እንዲማሩት በር ከፈቱ። ከዚህ ትምህርት የቀሰሙት አሜሪካውያን ሻረን ሳልዝበርግ፣ ጆሴፍ ጎልድስታይንና ጃክ ኮርንፊልድ ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በ1975 እ.ኤ.አ. ኢንሳይት ሜዲቴሽን ሶሳይቲ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ሁለቱ ወንዶች ከእስያ ጋር የተዋወቁት በታይላንድ በሰላም ጓድነት ሲያገለግሉ ነው፤ በዚያው በ1960ዎቹ የሰላም ጓዶች በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶችም ያስተምሩ እንደነበር ብዙ አንባቢ ያስታውሳል። ማኅበሩ በባሪ የገዛው ሕንፃ ቀደም ሲል የካቶሊክ መነኮሳት ማሠልጠኛ ነበር። በ1976 ሥራ ሲጀምር ከዋናው በር በላይ “ሜታ” የሚለው ቃል ተጻፈበት። በየዓመቱ መኸር ላይ የሚካሄደው የሦስት ወር ጽሞና የማዕከሉ መታወቂያ ሆኗል፤ ፎረስት ሬፊውጅ የተባለው፣ ልምድ ያላቸው ሰዎች ለረጅም ጊዜ የሚቆዩበት ክፍልም በ2003 ተከፍቷል።

ሳልዝበርግ ደጋግማ የምታወሳው አንድ ገጠመኝ ማዕከሉ በተከፈተበት ሰሞን የሆነ ነው። በዚያው ቤት በዝምታ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ለራሷ ሜታ ስትደግም ሰነበተች፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ግን አንዳችም ስሜት አልተሰማትም። ድንገት ጽሞናውን አቋርጣ መሄድ የሚያስገድዳት ነገር መጣ። በጥድፊያ ስትሰናዳ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ትልቅ የብርጭቆ ማሰሮ ከእጇ አምልጦ ተሰባበረ። በዚያች ቅጽበት ወደ አእምሮዋ የመጣው ሐሳብ “አንቺ ዝርክርክ! ግን እወድሻለሁ” የሚል ነበር። የሐሳቡ የመጀመሪያ ግማሽ የቆየው ልማድ ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ ግን አዲስ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ምንም ያልሠራ የመሰለው ድግግሞሽ ሥር ሰዶ እንደነበር ያወቀችው ማሰሮው ወለሉ ላይ ከተበተነ በኋላ ነው። በ1985 ወደ በርማ ሄዳ በመነኩሴው ሳያዶ ኡ ፓንዲታ መሪነት ሜታን ለረጅም ጊዜ በብርቱ ተለማምዳለች፤ በምዕራቡ ዓለም ሜታ ራሱን የቻለ የጽሞና ዓይነት እንዲሆን ከእርሷ የበለጠ የደከመ ሰው መጥቀስ ያስቸግራል።

የዚህን ሥራ አስፈላጊነት የሚያሳይ ሌላም ጊዜ አለ። በ1990 በሕንድ ዳራምሳላ የቲቤት ቡድሂስቶች መሪ ዳላይ ላማ ከሳይንቲስቶችና ከተመስጦ መምህራን ጋር ሲወያዩ ሳልዝበርግ ራስን ስለ መጥላት ጠየቀቻቸው። ዳላይ ላማ ጥያቄው አልገባቸውም፤ ከአስተርጓሚያቸው ጋር ደጋግመው ተነጋገሩና “ምንድን ነው እሱ?” ብለው ጠየቁ። ስሜቱ በተሰብሳቢዎቹ መካከል የተለመደ መሆኑ ሲነገራቸው በጣም ተገረሙ። በቲቤት ትምህርት ርኅራኄ ራስንም ሌላውንም ያቀፈ አንድ ቃል ስለሆነ፣ “ለራስ” የሚል ቅጥያ ማስፈለጉ ራሱ እንግዳ ነገር ነበር።

በባሪ የጽሞና ቀን የሚጀምረው ከንጋት በፊት ሲሆን፣ ቀሪው ሰዓት በመቀመጥና በመራመድ ተፈራርቆ ያልፋል። ተሳታፊው ስልኩን ያስቀምጣል፤ አያወራም፤ መጽሐፍ አያነብም፤ ከሰው ጋር ዓይን ለዓይን መገናኘትም አይጠበቅበትም። በየቀኑ የተመደበለትን ትንሽ ሥራ፣ ድስት ማጠብም ይሁን አትክልት መክተፍ ወይም ኮሪደር መጥረግ፣ በዝምታ ይሠራል። መራመዱ የትም አያደርስም። አንድ ሰው በአሥርና በሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ሄዶ ይመለሳል፤ ተረከዙ ሲነሣ፣ እግሩ አየር ላይ ሲንሳፈፍ፣ ጣቶቹ መሬት ሲነኩ ልብ ይላል። አራተኛው እርምጃ ላይ ሐሳቡ ከወንድሙ ጋር ወደተጣላበት ቀን ይነጉዳል። ከደቂቃዎች በኋላ ይባንንና “ይሄን እንኳ አልችልም” ብሎ ራሱን ይዘልፋል። መምህራኑ በብርቱ የሚያነጣጥሩት በዚህች ዘለፋ ላይ ነው። ቡድሃ ሁለት ቀስት ብሎ በተናገረው ምሳሌ ሕመሙ የመጀመሪያው ቀስት ነው፤ በሕመሙ ላይ የምንጨምረው ብስጭትና ራስን መውቀስ ደግሞ ሁለተኛው። ሐሳብ መንጎዱ አይቀርም፤ ተሳታፊው የሚማረው ሁለተኛውን ቀስት ሳይወረውር ወደ እግሩ መመለስን ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ይህ መቶ ጊዜ ይደጋገማል። በእኔ ግምት የጽሞናው መታደስ የሚባለው ይህ እንደ አዲስ መጀመር ነው፤ ዕረፍት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሐይቅ ዳር መተኛትም በበቃ ነበር።

ርኅራኄ ከልፍስፍስነት ጋር እንዳይምታታ የሚጠቀሰው የሶና ታሪክ ነው። ሶና የተባለው መነኩሴ እግሩ እስኪደማ ድረስ እየተራመደ ተለማምዶ ተስፋ ሲቆርጥ፣ ቡድሃ ቀድሞ ስለሚደረድራት ቪና ጠየቀው፤ ክሯ ሲወጠር ድምፅዋ ያምራልን? ሲላላስ? ክራር ወይም በገና የቃኘ ሰው መልሱን ያውቀዋል።

ሌሎች ማዕከላት ለሜታ የሚሰጡት ቦታ ይለያያል። የኡ ባ ኪን ደቀ መዝሙር የነበሩት ጎይንካ ከ1969 ጀምሮ በሕንድ ያስፋፉትና ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሰጠው የአሥር ቀን ቪፓሳና (ነገሮችን እንዳሉ የማስተዋል ተመስጦ) ኮርስ ጥብቅ ነው፦ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሣት፣ ምሳ ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ መብራት የሚጠፋው ከምሽቱ 3:30። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ በቀን ሦስት ጊዜ ለአንድ ሰዓት ሳይነቃነቁ መቀመጥ አለ። ሜታ የሚሰጠው በአሥረኛው ቀን፣ ዝምታው ሲነሣ ነው፤ ቁስል ላይ እንደሚቀባ ቅባት ይመስሉታል። ክፍያ የለውም፤ ስጦታ የሚቀበሉትም ቢያንስ አንድ ኮርስ ከጨረሰ ሰው ብቻ ነው። የቬትናሙ መነኩሴ ቲክ ናት ሃን በ1982 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ የመሠረቱት ፕለም ቪሌጅ ደግሞ ለስለስ ይላል፤ ደወል ሲሰማ ሁሉም ባለበት ቆሞ ይተነፍሳል፤ ልጆችም ከወላጆቻቸው ጋር ይገባሉ።

ከጽሞና አዳራሽ የወጣው ነገር ወደ ሐኪም ቤትም ደርሷል። ጆን ካባት ዚን በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ለሕሙማን የጀመረው ሥልጠና ሐሳቡ የመጣለት በባሪ ጽሞና ላይ ሳለ መሆኑን ተናግሯል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ክሪስቲን ኔፍ በ2003 ለራስ መራራትን በሦስት ነገሮች ተንትና መለኪያ አወጣችለት፦ ለራስ ደግ መሆን፣ ስቃይ የሰው ልጅ ሁሉ ዕጣ መሆኑን ማስታወስና የሆነውን ሳያጋንኑ ማየት። ከክሪስቶፈር ገርመር ጋር ያዘጋጀችው የስምንት ሳምንት ሥልጠና የግማሽ ቀን ጽሞና አለው፤ በ2013 ያወጡት ጥናትም ሠልጣኞቹ ተራ ከሚጠብቁት ይልቅ ለራሳቸው መራራት እንደጨመሩ አሳይቷል።

ይህ ሁሉ ሲባል ጽሞና ለሁሉም፣ በማንኛውም ጊዜ ይስማማል ማለት አይደለም። በ2017 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከተመስጦ ጋር የተያያዙ ከባድ ገጠመኞችን፣ ፍርሃትን፣ እንቅልፍ ማጣትንና ያለፈ ጉዳት መቀስቀስን ጨምሮ፣ ከባለልምምዶች ቃል ሰብስበው አትመዋል። ከባድ ሐዘን ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር መነጋገሩ፣ ለማዕከሉም ሁኔታውን ሳይደብቅ መግለጹ ተገቢ ነው። ለራሱ ሜታ ሲል ልቡ የሚደርቅበትን ሰው ደግሞ መምህራኑ አያስገድዱትም፤ ያለማወላወል ከወደደው ሰው፣ ከአያቱ ወይም ከሕፃን ልጅ፣ እንዲጀምርና ልቡ ሲሞቅ በዚያው ሙቀት ራሱን እንዲያስገባ ይነግሩታል። በመዝጊያው ዕለት ዝምታው ይነሣል፤ ሳምንት ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስም ያልተለዋወጡ ሰዎች ምግብ ቤት ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይተዋወቃሉ፤ የመኪና ቁልፍና ስልክ ወደ ኪስ ይመለሳል። መምህራኑም በቀጣዮቹ ጥቂት ቀናት ትልቅ ውሳኔ እንዳይወስኑ፣ ቤታቸው ሲደርሱም ቀድመው እንዲያዳምጡ መክረው ይሸኟቸዋል።